«ይማታል እንዴ?»፦ ስለ አእምሮ ሕመምና ጥቃት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ቤት ውስጥ የአእምሮ ሕመም መግባቱ በሰፈር ሲሰማ፣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይማታል እንዴ?» ነው። ሕመምተኛው እንቅልፍ አጥቶ ሰንብቶ ይሆናል። እናቱ ስታለቅስ ከርማ ይሆናል። ጥያቄው ግን ያው ነው። መጠየቁ ነውር የለውም፣ ልጅ ያለው ሰው ይሰጋል። የሚያሳዝነው መልሱ ሳይጠበቅ ፍርዱ ማለቁ ነው። ቡና መጠራራት ይቀራል። ልጆች «በዚያ ቤት በኩል አትለፉ» ይባላሉ። እህቱን ለጋብቻ ያሰበ ሰው ሽማግሌ መላኩን ይተዋል። እኔ ጥያቄውን የምር ወስጄ ልመልሰው እፈልጋለሁ፣ የሚመቸውንም የማይመቸውንም ሳልደብቅ።

የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አደገኛ ነው?

አብዛኞቹ አይደሉም።

የአእምሮ ሕመም የሚባለው በጣም ሰፊ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 970 ሚሊዮን ሰው፣ ማለትም ከ8 ሰው አንዱ፣ የሆነ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ነበረበት። የሚበዙት ጭንቀትና ድብርት ያለባቸው ናቸው። ቢሮ አብሯችሁ የሚሠራ ሰው ሊሆን ይችላል። ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠችው ሴት ልትሆን ትችላለች። እነሱን ማንም አይፈራም፣ መታመማቸውንም የሚያውቅ የለም።

ሰው የሚፈራው እንደ ስኪዞፍሬንያ ያሉትን ከባድ ሕመሞች ነው። ሌላው የማይሰማው ድምፅ ለታመመው ይሰማዋል። «ይከታተሉኛል፣ ሊገድሉኝ ነው» ይላል። ስለዚህም ሕመም ቢሆን ጥሩ መረጃ አለ። በስዊድን ከ8,000 በላይ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማንን ከወንጀል መዝገብ ጋር ያመሳከረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ ነበር። ከሕሙማኑ 13 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ በጥቃት ወንጀል ተፈርዶባቸዋል። ለንጽጽር ከተወሰደው ከሌላው ሕዝብ ደግሞ 5 በመቶ ያህሉ። ልዩነት አለ፣ አልክድም። ግን ቁጥሩን ገልብጣችሁ አንብቡት፦ ከ100 ሕሙማን 87ቱ አንድም ጊዜ በጥቃት አልተፈረደባቸውም።

እዚያው ጥናት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ሌላ ነው። መጠጥ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ሱስ የሆነባቸውን ለብቻ ሲያወጧቸው፣ በእነሱ ዘንድ ቁጥሩ ወደ 28 በመቶ ገደማ ይወጣል። ሱስ በሌለባቸው ሕሙማን ግን 8.5 በመቶ ነው። ልዩነቱን ያሰፋው በአብዛኛው ሱሱ ነበር ማለት ነው።

ሌላም ስሌት አለ። በአሜሪካ በሕዝብ ላይ በተደረገ ትልቅ ጥናት፣ በዓመት ውስጥ ከተፈጸመው ጥቃት ከከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር የሚያያዘው 4 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆነ ተገምቷል። ሕመሙ ነገ ጠዋት ከምድር ላይ ቢጠፋ፣ ዱላው፣ ጩቤውና ጥይቱ ከሞላ ጎደል ባሉበት ይቀጥላሉ።

«ምንም ግንኙነት የለም» የሚል ምክር የሚሰጡ ደግ ሰዎች አሉ። እኔ አልሰጥም። ልጇ ሕመሙ ተነስቶበት የመታት እናት ይህን ስትሰማ፣ ቀሪውን ምክር ሁሉ መስማት ታቆማለች። ለእሷ የሚጠቅማት መቼ እንደሚያሰጋና መቼ እንደማያሰጋ ማወቅ ነው።

ታዲያ መቼ ነው የሚያሰጋው?

ከሕመሙ ስም ይልቅ ሁኔታውን እዩ። ሰውየው መድኃኒቱን ካቋረጠ ሰንብቷል? እንቅልፍ አጥቷል? እየጠጣ ነው? ከዚህ በፊት፣ ጤነኛ እያለም ቢሆን፣ ሰው ይመታ ነበር? አንድን ሰው በስም እየጠራ «እሱ ነው መርዝ የሚያበላኝ» ማለት ጀምሯል? የሚሰማው ድምፅ «ምታው፣ ግደለው» እያለ ያዘዋል? እነዚህ ሲደራረቡ ቀልድ አይደለም፣ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። እነዚህ በሌሉበት፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ለብቻው የሚያጉረመርም ሰው ለማንም ስጋት አይሆንም።

በአሜሪካ ሦስት ከተሞች ከአእምሮ ሆስፒታል የወጡ ሰዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት አለ። ከከተሞቹ በአንዷ ሕሙማኑን ከገዛ ሰፈራቸው ነዋሪዎች ጋር አነጻጽረዋል። መጠጥና ዕፅ የማይነኩ ሕሙማን፣ መጠጥና ዕፅ ከማይነኩ ጎረቤቶቻቸው የበለጠ ጥቃት አልፈጸሙም። ሱስ ሲጨመር ግን በሁለቱም ዘንድ ጥቃቱ ጨመረ፣ በሕሙማኑም በጎረቤቶቹም።

እኛ ጋ ይህ ማለት አረቄ ማለት ነው። ጫትም አለ። ጫት በብዛት የሚቃም ሕመምተኛ እንቅልፉ ይጠፋል፣ ጥርጣሬው ይብሳል፣ ሕመሙ ይነሳበታል። ምሽት ላይ «ምርቃና ለመስበር» ብሎ አረቄ ሲጨምርበት ደግሞ ቤተሰቡ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያድራል። «ጓደኞቹ ናቸው፣ ትንሽ ይጫወት» ብላችሁ የምትተዉት ከሆነ፣ እባካችሁ እዚህ ላይ ጨክኑ።

ጥቃት ሲደርስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሳይሆን አብሮ የሚኖረው ነው፦ እናት፣ ሚስት፣ ወንድም። በጣም የሚፈራው መንገደኛ በጣም ትንሹ ስጋት ያለበት ነው። በጣም የሚሰጋውን አስታማሚ ደግሞ የሚጠይቀው የለም።

መንገድ ላይ ለብቻው የሚያወራ ሰው ሳይ ምን ላድርግ?

እንደማንኛውም ሰው እለፉት። አትሩጡ፣ አታፍጥጡ፣ አትሳቁ። ካናገራችሁ በአጭሩና በአክብሮት መልሱ። ከተናደደ ርቀት ስጡት፣ መውጫውን አትዝጉበት። ዳቦ ወይም ውኃ ልትሰጡት ከፈለጋችሁ እያያችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ስጡት። ከጀርባው አትምጡ።

ማን ነው ማንን የሚጎዳው?

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ተገልብጦ የሚነገረን።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር እንደሚያሳየው፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጥቃት የሚደርስባቸው ሌላው ሰው ላይ ከሚደርሰው ወደ 4 እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። በቺካጎ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን የጠየቀ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ከአራቱ ከአንዱ በላይ የጥቃት ወንጀል ሰለባ እንደነበሩ አግኝቷል።

የራሳችን አገር መረጃም አለ። በቡታጅራና አካባቢዋ ከ900 በላይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት ተደርጓል። እነዚህ ሰዎች ከእኩዮቻቸው ወደ 30 ዓመት ያህል ቀድመው ይሞታሉ። የሚበዙትን የሚገድላቸው ተላላፊ በሽታ ነው፣ ሌላው ሰው ታክሞ የሚድንበት ዓይነት። ከዚያ ራስን ማጥፋት፣ አደጋ፣ በሰው እጅ መገደል። ሠላሳ ዓመት! ገበሬ ልጁን ለማሳደግ፣ ለመዳርና የልጅ ልጅ ለማየት የሚበቃው ዕድሜ ነው።

ጎዳና ላይ የወደቁት ደግሞ የባሰ ነው። ልጆች በድንጋይ ያባርሯቸዋል፣ ጎረምሶች ለጨዋታ ያስቆጧቸዋል። ጎዳና ላይ ያለች ሕመምተኛ ሴት ስትደፈር «ማን ያምናታል» ተብሎ ይታለፋል። ከዓረብ አገር በደል ተፈጽሞባቸው፣ ደመወዛቸውን ተከልክለው፣ አእምሯቸው ታውኮ የሚመለሱ እህቶችም አሉ። እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ ማኅበራት ተቀብለው ያሳክሟቸዋል። እነዚህን ልጆች ሰፈር ውስጥ «ልጅ እንዳትይዝ» እያሉ ማግለል ትልቅ ግፍ ነው። ጉዳቱ የደረሰው በእነሱ ላይ ነው።

እውነቱ ይህ ከሆነ ለምን ይህን ያህል እንፈራለን?

የምናየው የባሰውን ብቻ ስለሆነ ነው። ታክሞ ወደ ሥራው የተመለሰው መምህር ሕመሙን ለማንም አይናገርም። ልብሱን ጥሎ አደባባይ የቆመውን ግን ከተማው ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ «የአእምሮ ሕመም» ሲባል ፊታችን የሚመጣው ያልታከመው ሰው ነው።

የአገራችን የሕክምና ታሪክም አስተዋጽኦ አለው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በመላው አገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከጎንደርም ከባሌም ሕመምተኛ እጁ ታስሮ በአውቶቡስ ይመጣ ነበር። እዚያ የሚደርሰው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ያልሆነለት፣ ሕመሙ የጸናበት ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ መሳደቢያ ሆኖ ቀረ። ቀለል ያለ ሕመም ያለበት ሰው በየጤና ጣቢያው ይታከም ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ስለ ሕክምናው ያለን አመለካከት ሌላ ይሆን ነበር።

ዜናውም አለ። አንድ ሰው አሰቃቂ ነገር ሲፈጽም፣ ምርመራ ሳይደረግ «የአእምሮ ችግር ሳይኖርበት አይቀርም» ይባላል። ቅናት፣ ቂም፣ የመሬት ጠብ፣ ስካር የሰው ልጅ የቆዩ የመግደያ ምክንያቶች ናቸው። ክፋትን በሙሉ ወደ ሕመም ስንገፋው ለእኛ ለጤነኞቹ ቀለል ይለናል። የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ሰው ቢፈራ ምን ይጎዳል? ጥንቃቄ አይሻልም?

ይጎዳል። ፍርሃቱ ሰዎችን ከሕክምና ያርቃል፣ ያልታከመ ሕመም ደግሞ ይብሳል። የምንፈራውን ነገር በእጃችን እናመጣዋለን።

በቡታጅራ የሕሙማን ቤተሰቦች ተጠይቀው፣ ከአራቱ ሦስቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንዳለባቸው ተናግረዋል። 37 በመቶው ሕመሙን መደበቅ ይፈልጉ ነበር። ልጅን ጓዳ ውስጥ ደብቆ ማሳከም አይቻልም። ጤና ጣቢያ መሄድ ማለት በጎረቤት መታየት ነው። እናም ይቆያሉ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። በዚያ ቆይታ ውስጥ ልጁ ትምህርቱን ይተዋል፣ መጠጥ ይጀምራል፣ ጥርጣሬው ሥር ይሰዳል።

የፍርሃት ዋጋ አንዳንዴ ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 በእስራኤል ባት ያም ከተማ፣ የአእምሮ ሕመም የነበረበት የ24 ዓመት ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ቢላ ይዞ ከቤት ወጥቶ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። ከዚያ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቴል አቪቭ ላይ ሰልፍ ወጡ። ቁጣቸው ስለ ቆዳ ቀለምም ነበር፣ ስለ ሕመምም። ጥቁር ወጣት፣ ያውም የታመመ፣ ሁለት ጊዜ ይፈራል። በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ።

ቤተሰብ ለምን ሕመምተኛን ያስራል? ማሰር መፍትሔ ይሆናል?

ከጭካኔ አይደለም። በሶዶ ወረዳ ከቤተሰቦች ጋር በተደረገ ጥናት ላይ፣ ያሰሩት ሰዎች ራሳቸው እያለቀሱ ነው የሚናገሩት። ልጁ ጫካ ገብቶ ጅብ እንዳይበላው፣ ገደል እንዳይገባ፣ የጎረቤት ሳር ቤት እንዳያቃጥል፣ ሰው መትቶ እንዳይገደል ይፈራሉ። የቀን ሥራ ያለው አባት ቀኑን ሙሉ መጠበቅ አይችልም። መድኃኒት መግዣ ገንዘብ ሲያልቅ ሰንሰለቱ ይመለሳል። ስለዚህ አሳሪውን ከመኮነን በፊት መድኃኒቱ ለምን እንዳልደረሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ግን መፍትሔ አይሆንም፣ አንድም ቀን። ሰንሰለት ቁርጭምጭሚት ያቆስላል፣ እግር ያሰልላል። «ሊያጠፉኝ ነው» ብሎ ለሚጠረጥር ሰው ደግሞ ጥርጣሬውን እውነት ያደርግለታል። ሲፈታ የሚናደደው ያሰረው ሰው ላይ ነው። ከዚያ «አየህ፣ ይማታል» ይባላል።

ዛሬ ቤታችሁ የታሰረ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ እንደታሰረ ተናገሩ። አትፈሩ፣ አታፍሩ። ብዙ ጊዜ መርፌው ወይም ክኒኑ በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ የሚፈታ ሰው ነው።

ፀበል ብንወስደውስ?

እምነታችሁ ከሆነ ውሰዱት። ፀበል ቦታ ሰው ጸሎት ያገኛል፣ አብሮ የሚያድር ወገን ያገኛል፣ ብዙ ቤተሰብም እዚያ ይጽናናል። ሁለት ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። መድኃኒቱን አታስቁሙት፣ ደግሞም እንዳይመታ ጠብቁት።

«ሰይጣኑን ለማስወጣት» ተብሎ ሰው ሲደበደብ ሕመሙ አይወጣም፣ ሰውየው ይሰበራል። መድኃኒትና ፀበል አብረው አይሄዱም የሚለው ክርክርም በአገራችን ከዚህ በፊት ተነስቶ ያውቃል። የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣበት ጊዜ ብዙ ሰው ክኒኑን ጥሎ ፀበል ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንና ፀበሉን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ለአእምሮ ሕመምም ያው ነው። ካህኑን «አባ፣ መድኃኒት ላይ ነው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ብዙ አባቶች ራሳቸው «መድኃኒትህን ውሰድ» ይላሉ።

መድኃኒቱ ያደነዝዛል፣ ሱስ ያስይዛል ይባላል። በእርግጥ ይረዳል?

ለከባድ ሕመም የሚሰጡት እንደ ክሎርፕሮማዚን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፐሪዶን ያሉት ሱስ አያስይዙም። እንቅልፍ ማብዛት፣ እጅ ማንቀጥቀጥ፣ ሰውነት ማድረቅ፣ ውፍረት ግን ያመጣሉ። አንዳንዱን ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ መቀመጥ እስኪያቅተው ያቁነጠንጡታል። ሕመምተኛው «ይህ ነገር እየገደለኝ ነው» ሲል አትቆጡት። ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ይቀይራል። ክኒን መዋጥ የሚረሳ ወይም የሚጥል ከሆነ በወር አንዴ አካባቢ የሚወጉት መርፌ አለ፣ ብዙ ቤተሰብ «ሞዲኬት» በሚለው ስሙ ያውቀዋል።

ስለ ጥቃት ደግሞ፦ በስዊድን ከ80,000 በላይ መድኃኒት የታዘዘላቸውን ሰዎች ያየና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ያው ሰው የሥነ ልቦና ቀውስ መድኃኒት በሚወስድበት ጊዜ፣ ከማይወስድበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር በጥቃት ወንጀል የመገኘቱ ነገር 45 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። በየትኛውም አጥር፣ በየትኛውም ሰንሰለት የማይገኝ ለውጥ ነው።

ቤት ውስጥ ሕመሙ ሲነሳበት ምን እናድርግ?

ዋናው ሥራ ሳይነሳ በፊት ነው። እያንዳንዱ ሕመምተኛ የራሱ ምልክት አለው። አንዱ ሌሊት መሄድ ይጀምራል። ሌላዋ ምግብ ትጠራጠራለች። ሌላው ጸሎት ያበዛል ወይም በድንገት ገንዘብ ይበትናል። ቤተሰብ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ከጠፋ ሦስተኛውን አትጠብቁ፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ከተነሳ በኋላ አንድ ሰው ብቻ ያናግረው፣ እሱ የሚያምነው ሰው። ጎረቤት ተሰብስቦ ግቢውን አይሙላው። ቴሌቪዥኑን ዝጉ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። «ማንም አያወራህም፣ ዝም ብለህ ነው» ብላችሁ አትከራከሩት፣ ለእሱ እውነት ነው። «አዎ፣ እኔም ይሰማኛል» ብላችሁም አትዋሹት። «እኔ አይሰማኝም፣ ግን አንተ እንደፈራህ አያለሁ። ምን ላድርግልህ?» በሉት። ብዙ ጊዜ የሚማታው ሰው የፈራ ሰው ነው።

ቢላ፣ መጥረቢያ፣ ዘነዘና ቀድማችሁ ከዓይን አርቁ። በእሱና በበሩ መካከል አትቁሙ፣ እናንተም መውጫ ይኑራችሁ። ልጆችን ጎረቤት ላኩ። ከዛተ ወይም የሚመታበት ነገር ካነሳ ውጡ። እናት ሆይ፣ «ልጄን ጥዬ አልወጣም» አትበይ። ብትጎጂ ነገ ከሁሉ በላይ የሚጸጸተው እሱ ነው።

ፖሊስ መጥራት ግድ ከሆነ ስትደውሉ መጀመሪያ «ታሞብን ነው፣ ወንጀለኛ አይደለም» በሉ። ስሙን፣ የሚያረጋጋውን ነገር፣ መሣሪያ መያዝ አለመያዙን ንገሯቸው። ከቤተሰብ አንድ ሰው ደጅ ቆሞ ይጠብቃቸው።

ሲረጋጋ ደግሞ አብራችሁ ተቀመጡ። «ሲነሳብህ ማን እንዲያናግርህ ትፈልጋለህ? የትኛው ሆስፒታል? ምን ብናደርግ ነው የሚያስቆጣህ?» ብላችሁ ጠይቁትና ጻፉት። ለራሱ ጉዳይ መጠየቁ ብቻውን ሰውን ይቀይራል።

ወንጀል ሠርቶ «አሞኝ ነበር» ያለ ሁሉ ነጻ ይወጣል?

አይወጣም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 እንደሚለው፣ ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ በሕመም ምክንያት የሚያደርገውን ወይም ውጤቱን መረዳት ያልቻለ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው በወንጀል ተጠያቂ አይሆንም። አንቀጽ 49 ደግሞ በከፊል ብቻ ለታወከ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ይላል። ሕመም መኖሩ ብቻ አይበቃም። ፍርድ ቤቱ ሲጠራጠር የባለሙያ ምርመራ ያዛል፣ ይህም ብዙ ጊዜ በአማኑኤል ሆስፒታል ይካሄዳል። ተጠያቂ አይደለም የተባለውም ቢሆን ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አይሸኝም፣ ፍርድ ቤቱ በተቋም ተይዞ እንዲታከም ሊያዝ ይችላል።

ሥራ ልቅጠረው? ቤት ላከራየው?

ቅጠሩት፣ አከራዩት። መቄዶንያን አስቡ። ሙሉ ስሙ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። ከጎዳና የተነሱ የአእምሮ ሕሙማንና አቅም ያጡ አረጋውያን አንድ ማዕከል ውስጥ ይረዳሉ። አብዛኛው ሕመምተኛ ሰው የሚፈራውን ዓይነት ቢሆን ኖሮ ይህ ነገር አንድ ወርም ባልቆየ ነበር።

መንገድ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ቢላክልኝ?

አታጋሩት። ሰውየው ታክሞ ሲነሳ፣ ሥራ ሲፈልግ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ያ ቪዲዮ ይጠብቃቸዋል። ጋዜጠኛ ከሆናችሁ ደግሞ፣ ሐኪም ያላረጋገጠውን ሕመም በተጠርጣሪ ላይ አትለጥፉ። የተረጋገጠ ቢሆንም እንኳ ከድርጊቱ ጋር ግንኙነት ከሌለው ምን ይሠራል?

ልጆቼ «ለምን እንዲህ ይሆናል?» ሲሉኝ ምን ልበል?

«አሞት ነው፣ ሐኪም ያስፈልገዋል» በሏቸው። በዚያው ድንጋይ መወርወርን አጥብቃችሁ ከልክሉ። «እብዱ መጣልህ!» እያላችሁም አታስፈራሯቸው። ልጅ እያለ የተማረውን ፍርሃት ሰው አርጅቶም አይተወውም።

ለሕክምና የት ልሂድ?

በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ። በብዙ ቦታ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አሉ፣ ካስፈለገም ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። ገጠር ከሆናችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ዛሬም አለ፣ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ክፍሎች ተከፍተዋል። ስትሄዱ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶ ፓኬትም ቢሆን፣ ያዙ። ሕመሙ ሲጀምር ያየ ሰውም አብሮ ይሂድ።

አሜሪካ ያላችሁ 988 ደውሉ፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። እንግሊዝ ውስጥ 111 ደውሎ ለአእምሮ ጤና 2 ቁጥርን መጫን ነው። እስራኤል ውስጥ 1201 አለ። በቋንቋው ከተቸገራችሁ የሚያስተረጉምላችሁ የቤተሰብ ሰው አጠገባችሁ ይኑር፣ ልጅን ግን ለዚህ አታስተርጉሙ።